አንድ መጥበሻ በወንጪት ዳር

በወሎ ገጠር ለመንግሥት ሥራ የተዘዋወረ ሰው ሁሉ የሁለት ድስትን ልማድ ያውቃል። ከአንድ መሥሪያ ቤት በአንድ መኪና የወጡ ባልደረቦች፣ ሽሮውን ከአንድ ገበታ ሲበሉ ሰንብተው፣ ሥጋ የመጣ እንደ ሆነ ለክርስቲያኑ አንድ ድስት፣ ለሙስሊሙም አንድ ድስት ይጣዳል። በዚህ የሚቀየም የለም። እንዲያውም ደግ ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ፣ የሌላውን ሃይማኖት እንግዶች አስቀድሞ አስቦ፣ በገዛ እጃቸው የሚያርዱትን በግ ለይቶ ይሰጣቸዋል። ልማዱ የመከባበር እንጂ የመጠላላት አይደለም። ይሁን እንጂ ሥጋው ሲቀርብ ገበታው ለሁለት መከፈሉ አይቀርም።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ ሦስት ክርስቲያኖችና ሁለት ሙስሊሞች ሆነን ከደጎሎ ወደ ወንጪት ወንዝ የወረድነው ግን ይህን ለመመርመር አልነበረም፤ ሁለት ሌሊት በወንዝ ዳር አድረን ዓሣ ለማጥመድ ነበር። የጃማ ወረዳ ሜዳ ጥቁር አፈሩ በበጋ ተሰነጣጥቆ የእግረኛን እግር ይይዛል። ይኸው ሜዳ በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። እስከ አፋፉ በመኪና፣ ከአፋፉ ወዲያ ድንኳኑን በአህያ አስጭነን በእግር ወረድን። ከላይ ጋቢ ለብሰን የተነሣን ሰዎች ከታች ስንደርስ ሸሚዛችንም ከብዶን ነበር። ወንጪት ደቡብ ወሎን ከሰሜን ሸዋ እየለየ ይወርድና ከጃማ ወንዝ ይቀላቀላል፤ ጃማም ዓባይ ይገባል። በክረምት ድንጋይ እያንከባለለ የሚያስፈራው ውሃ በጥር ወር እዚህም እዚያም ጥልቅ ኩሬ እየተወ በዝግታ ይሄዳል።

ድንኳናችንን ስንተክል ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መጥተው ሰላምታ ሰጡንና፣ «ልጆቼ፣ ቤት እያለ ምን ቸግሯችሁ ነው ሜዳ የምታድሩት?» አሉን። ለመዝናናት መሆኑን ብንነግራቸው ፊታችንን አንድ በአንድ ተመለከቱ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊት አሸዋው ሲቀዘቅዝ ምክንያቱ ለእኛም ለጊዜው ጠፍቶብን ነበር።

ቀጥለው የጠየቁን ብርብራ ይዘን እንደ ሆነ ነው። አለመያዛችንን ሲሰሙ፣ «እንኳንም! ወንዙን ብርብራ ያቀመሱት እንደ ሆነ እናቱም ጫጩቱም አብሮ ነው የሚያልቅ» አሉ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ከኩሬ ሲጨመር ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ትልቁን ለቅመው ሲሄዱ ትንሹ እዚያው ሞቶ ይቀራል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል፤ ነገር ግን ከዚያ ገደል ሥር ወንዙን የሚጠብቀው ከአዋጁ ይልቅ እንደ እኒህ ያለ ሽማግሌ ይመስለናል።

እኛ የያዝነው መንጠቆ፣ የናይሎን ክርና የአፈር ትል ነበር። የደሴ ሰው ዓሣ ሲባል የሚያስበው የሐይቅን ቆረሶ ነው፤ ቆረሶ ግን ወደዚያ ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ ነው። ከወንጪት ያወጣነው ነጭ ዓሣ የዓባይ ተፋሰስ ነባር ነው። ቅርፊቱ ሰፋፊ፣ ሥጋው ጣፋጭ፣ አጥንቱ ግን መርፌ ስለ ሆነ ወሬ እያወሩ የሚበሉት አይደለም። እስከ ማታ ሰባት ያዝን።

ቅርፊቱን ፍቀን፣ ሆዱን ጠርገን፣ ጨውና ሚጥማጣ ነስንሰን በአንድ መጥበሻ ጠበስነው። ሥጋ በቀረበበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ባረከው?» የሚለው ነው። በዚያች ማታ ግን ማንም አልጠየቀም፤ ዓሣ ቢላዋና ባራኪ አያሻውም፤ ከውሃ መውጣቱ ይበቃዋል። በአንድ ቢሮ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ ከአንድ ዕቃ ሥጋ ስንበላ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ይህን ያስተዋልነው መጥበሻው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ «በሉ እንግዲህ፣ ተዋሐድን» ብሎ ቀለደ፤ የቀረነው ግን ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን እሳቱን ተመለከትን።

በማግሥቱ አመሻሽ ከሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችን የአንደኛው ክር በኃይል ተሳበ። በብዙ ትግል የወጣው ክንድ የሚያህል፣ ጢማም፣ ጥቁር አምባዛ ነበር። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ስለ ታዘዘ፣ የእኛ አገር ክርስቲያን በአብዛኛው አይነካውም። ለሙስሊሙ ግን የተፈቀደ ነው። ሦስቱ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሆኖም ፊታቸው ሁሉን ተናግሮ ነበር። ያጠመደው ባልደረባችን ዓሣውን፣ ቀጥሎም እሳቱ ላይ ያለውን መጥበሻ ተመለከተ። «ሁለተኛ መጥበሻ አልያዝንም» አለና መንጠቆውን በጥንቃቄ አላቅቆ አምባዛውን ወደ ኩሬው መለሰው። ሌላው ሙስሊም ባልደረባችን ውሃው እስኪጠራ ድረስ ቆሞ ተመለከተ፤ ዓሣው በእርግጥ የሰባ ነበር።

ጧት ሽማግሌው ሱብሒ ሰግደው መጡና ስንት እንደያዝን ጠየቁን። ነጩን ቆጠርንላቸው፤ የአምባዛውንም ነገር አወጋናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ወደ ኩሬው ተመለከቱና፣ «ታዲያ እኔን ብትጠሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ።