የተቃጠለ ካኒቴራ

ዛሬ ከመስቀል አደባባዩ ሩጫ መልስ ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያየው ያው ነው፤ ካኒቴራ አለ፣ ቁጥር የለም። ቁጥሩንም፣ የጨርቁን እጥፋትም፣ የአንዳንዱን ግንባር ጭምር ፀሐይ በልታዋለች። ከጀርባ ግን ባነሩ፣ የቆመው ሚኒባስ፣ ከአንዲቷ ሯጭ አናት ላይ የበቀለው የመብራት ምሰሶ ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። ሯጯ ደብዝዛ ምሰሶው ጠርቶ!

ካሜራ በአውቶ ሲተዉት የዋህ ነው። ጠይም ፊት፣ ጥቁር አስፋልትና የዛፍ ጥላ ፍሬሙን ከሞሉት «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ነጩ ካኒቴራ የሚቃጠለው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። በሮው (RAW) ፎርማት በተነሳ ፎቶ ጥላ ውስጥ የተደበቀ ነገር ሲያበሩት ብዙውን ጊዜ ይወጣል። የተቃጠለ ነጭ ግን ባዶ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ቢያድሩም አይመለስም። ሥራው የገባቸው ኤክስፖዠሩን ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ ጭራሽ ፀሐይዋን ከሯጩ ጀርባ ያደርጓታል፤ ፊቱ በእኩል ጥላ ይሸፈናል፣ አስፋልቱ ከታች ብርሃን ይመልስለታል፣ ትከሻው ዙሪያ ቀጭን የብርሃን መስመር ይሠራል።

ይህን ሁሉ ለፍቶ ለሚያነሳው ሰው የሚደርሰውስ? «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ»። ማኅበራዊ ሚዲያ የሚባል ፎቶግራፈር መቼ ነው ያንን ከባድ ሌንስ ተሸክሞ አስፋልት ላይ የተንበረከከው? አንሺው ስሙን ጥግ ላይ ቢጽፍ ፎቶውን የሚለጥፉት ይቆርጡታል። መሃል ላይ ቢጽፍ «ፎቶውን አበላሸው» ይሉታል። ደግሞ እኮ ቆርጠው ሲያበቁ የራሳቸውን ሎጎ የሯጩ ደረት ላይ ይለጥፋሉ! የተቃጠለውን ቁጥር ለመሸፈን ከሆነ እንኳ ይሁን።

አሁን ወደ ፎቶው ጀርባ እንመለስ። እ.ኤ.አ. የ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያለቀው፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ ቢቂላና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ሲሮጡ በተነሱት ፎቶዎች ከኋላቸው ያለው ጥቁር ነው፤ የአበበ 11 ቁጥር ዛሬም ይነበባል። የዛሬን ሩጫ ወደ ማታ የሚያዞርልን ስለሌለ ጀርባውን ለማደብዘዝ 200 ሚሊሜትር ሌንስና 2.8 አፐርቸር ይኑር። እሱም ቢሆን ሯጩ ቀርቦ ባነሩ ሲርቅ ነው የሚሠራው፤ ባነሩ ከሯጩ አንድ ሜትር ኋላ ከሆነ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ከኋላ የዛፍ ጥላ ያለበትን ኩርባ መጠበቅ ከውድ ሌንስ ይበልጣል። ወይም ሹተሩን 1/60 ሰከንድ አድርጎ ካሜራውን ከሯጩ ጋር አብሮ ማዞር፤ ባነሩ የቀለም መስመር ሆኖ ያልፋል። አብዛኛው ፎቶ ይበላሻል፣ አንዱ ከወጣ ግን ወጣ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሯጩ ኩርባው ላይ ብቅ ሲል፣ ስልኩን ዘርግቶ መሃል አስፋልት የሚገባ ሰው አይጠፋም። ዛሬም ነበረ። ደግሞ ጃንጥላ ይዟል። ነጭ ጃንጥላ!