ሠፈር ፍለጋ በቡዳፔስት

በየዓመቱ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ወደ መምህራን ክፍል ብቅ ይላሉ። በውጭ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል ማግኘታቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ በስልካቸው ላይ ያሳዩኛል። እኔም እጃቸውን ጨብጬ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይዘንባል፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ ይጠይቁኛል። «የት ሠፈር ልኑር?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። እኔም በጊዜዬ አልጠየቅሁም። ባለመጠየቄ የከፈልሁት ገንዘብ ደግሞ የራሴ አልነበረም።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ በአዳማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ካስተማርሁ በኋላ፣ በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሀንጋሪ መንግሥት በሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቡዳፔስት ሄድሁ። የከተማይቱን ስም ስነግራት እናቴ ደነገጠች።

«ምን አልኸኝ? ቡዳ?»

ከተማይቱ በ1873 ቡዳ፣ ኦቡዳና ፔስት ከሚባሉ ሦስት ከተሞች የተዋሐደች መሆኗን፣ የዳኑብ ወንዝ በመካከሏ እንደሚያልፍ፣ ቡዳ ማለት ኮረብታማው የምዕራብ ዳርቻ፣ ፔስት ማለት ደግሞ ሜዳማው የምሥራቅ ዳርቻ መሆኑን እንደ ክፍል ተማሪ አድርጌ አስረዳኋት። እናቴ በጥሞና ሰማችኝና «እንግዲያስ ከወንዙ ወዲህ ተቀመጥ፤ ወደዚያኛው አትሻገር» ብላ ፈረደች። ከመሄዴ በፊት ስለ ሠፈር ያገኘሁት ምክር ይህ ብቻ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁትም መጥፎ ምክር አልነበረም፤ በቡዳ ኮረብታዎች ላይ ያለው የቤት ኪራይ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ አይደለምና።

ያን ጊዜ በነፃ ትምህርቱ ደንብ መሠረት ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጥ ነበር። ለመኖሪያም ወይ በተማሪዎች ማደሪያ ቦታ፣ ወይም በወር 40,000 ፎሪንት ድጎማ ይገኛል። እኔ ድጎማውን መረጥሁ። ምክንያቴ ኩራት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ቲቸር» ሲባል የኖረ ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ማደሩ ክብሬን የሚነካ መስሎ ታየኝ።

ስለዚህ ካርታ ዘረጋሁ። ትምህርት ክፍላችን የሚገኘው በሰባተኛው ወረዳ፣ ካዚንትሲ በሚባል መንገድ ላይ ነበር። ርቀቱን በስኬል እያሰላሁ ከትምህርት ቤቱ 600 ሜትር ብቻ የሚርቅ ክፍል በማስታወቂያ አገኘሁ። ፎቶግራፉ ያምራል፤ ኪራዩም ርካሽ ነው። አከራይ ነኝ ያለው ሰው በትሕትና ይጽፍልኛል። ክፍሉን እንዲያስቀምጥልኝ ግን 250 ዩሮ በቅድሚያ ጠየቀ። እኔ ከአዳማ ዩሮ ከየት አመጣለሁ? በዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ታላቅ እኅት አለችኝ። ነገሩን ነገርኋትና የአንድ ወር ደመወዟን ሙሉውን ላከችለት።

መስከረም ላይ ከአውሮፕላን ወርጄ፣ በአውቶቡስ መሀል ከተማ ደረስሁ። ሻንጣዬን በድንጋይ ንጣፉ ላይ እየጎተትሁ መንገዱን አገኘሁት። የእኔ ቤት ቁጥር 52 ነው። 34ን አለፍሁ፤ 36ን አለፍሁ፤ 38 ላይ መንገዱ አለቀ። ተሻግሬ በሌላው ወገን ፈለግሁ። አንድ የፖስታ ሠራተኛ ወረቀቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ስልክ ደወልሁ፤ አይነሣም። «በካርታ ላይ ያያችሁት በመሬት ላይ መኖሩን አረጋግጡ» እያልሁ የማስተምረው ሰው ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥሁ።

የማውቀው አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነበረና ደወልሁለት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥቶ ወሰደኝ። እሱና ጓደኛው የሚኖሩት በከተማይቱ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ኡይፓሎታ በሚባል ሠፈር ነው። ይህ ሠፈር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ የሲሚንቶ ግድግዳ እየተገጣጠመ የተሠራ የረጃጅም ፎቆች መንደር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ የሰው ቤት በር ላይ ቁልፌን ሞክሬአለሁ።

እውነቱን ለመናገር ኡይፓሎታ ደግ ሠፈር ነው። ሙቀቱ ከማእከል በቧንቧ ስለሚመጣ ቤቱ አይበርድም። 7 ቁጥር አውቶቡስ ከሠፈሩ ተነሥቶ በኬሌቲ ባቡር ጣቢያ በኩል እስከ ትምህርት ቤቴ አጠገብ ያደርሳል። ኪራዩን ለሦስት ስንካፈል ለእኔ የሚደርሰኝ 50,000 ፎሪንት ነበር። ማታ ማታ ሽሮ ይሠራል፤ ቡና ይፈላል፤ በአማርኛ ይሣቃል። ገና የመጣና የተታለለ ሰው ከዚህ የተሻለ መጠጊያ አያገኝም።

ነገር ግን ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በቀን ውስጥ ከትምህርት ክፍል ሌላ እንግሊዝኛ የምናገርበት ቦታ የለኝም። ሀንጋሪኛዬም «ደኅና ዋሉ»ና «አመሰግናለሁ» ላይ ቆሟል። የአገራችን ጦርነት ወሬ እስከ እኩለ ሌሊት ያወያየናል፤ ከዚያም ልባችን አዝኖ እንተኛለን። ጠዋት መጽሐፌን የማነበው አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው። ጓደኞቼን ልወቅሳቸው አልችልም፤ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ዕረፍታቸውም ያ ነው። ወንድሞች ያገኘሁበት ቤት ለማጥናት አልተመቸኝም ለማለት ግን አፍሬ ዝም አልሁ። እኅቴንም «ክፍሉ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደኅና ነው» እላት ነበር። ለእርሷም አፍሬ ዋሸሁ። ኬሌቲ አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት ዕቃ እያጠብሁ 250 ዩሮውን እስካጠራቅም ድረስ እውነቱን ላለመንገር ወስኜ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አዲስ ክፍል መፈለግ ጀመርሁ። የመጀመሪያው እዚያው ካዚንትሲ መንገድ ላይ ነበር። ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ አየሁት፤ መንገዱ እንደ ገዳም ጸጥ ያለ ነው። ሊያዋውለኝ የመጣው ሰው እጁን ዘርግቶ ሳለ የቤቴ ጓደኛ በአማርኛ «ቅዳሜ ሌሊት ተመልሰህ ሳታየው እንዳትፈርም» አለኝ። ቅዳሜ ሌሊት በስድስት ሰዓት ተመለስሁ። ያ ገዳም ሠርግ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። በዚህ መንገድ ላይ አሮጌ ቤቶች ሳይታደሱ መጠጥ ቤት ሆነዋል፤ ከእነሱ ዋነኛው ሲምፕላ የሚባለው እዚህ የተከፈተው በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ከመላው አውሮፓ ወጣቶች ሊጠጡ ይጎርፋሉ። በ2018 የካቲት ወር መጠጥ ቤቶቹ በሌሊት እንዲዘጉ ለማድረግ ለወረዳው ነዋሪዎች ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ ነበር፤ ሆኖም የመረጠው ሰው ቁጥር ስላነሰ ሳይጸና ቀረ። ስለዚህ ያ ክፍል ከትምህርት ቤቴ ሦስት ደቂቃ፣ ከእንቅልፍ ግን በጣም የራቀ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል በስምንተኛው ወረዳ፣ ዮዤፍቫሮሽ ውስጥ ነው። የወረዳውን ስም ሳነሣ የክፍል ጓደኞቼ ፊታቸውን አጨማደዱ። «እዚያማ ሌባ ይበዛል» አሉኝ። «ኖረህበት ታውቃለህ?» ስለው ግን አዎን ያለ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ካርታውን ትቼ እግሬን አዘዝሁ። ሦስት ጊዜ ሄድሁ፤ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ሲመሽ፣ አንድ ዓርብ ደግሞ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ። በ1956 በሶቭየት ጦር ላይ የተነሣው ሕዝብ ብርቱ ውጊያ ካደረገባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይህ ወረዳ ስለሆነ፣ በአንዳንድ ቤቶች ግድግዳ ላይ የጥይት ፍንጣሪ ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። ኔፕሲንሃዝ በሚባለው ጎዳና ላይ የአፍሪካውያንና የአረቦች ሱቆች አሉ። ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች ልጆች በአደባባዩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሲመሽ ሰካራም አላጣሁም፤ ሰላምታ የሚለዋወጡ ሽማግሌዎችም አላጣሁም። በሦስቱም ቀን የነካኝ ሰው አልነበረም።

ክፍሉን የሚያከራዩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ሀንጋሪዎች እኛ «እትዬ» እንደምንለው በዕድሜ የገፋችውን ሴት «ኔኒ» ይላሉ፤ እኔም እስከ መጨረሻው እንዲሁ ጠራኋቸው። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ እያስተረጎመ ተነጋገርን። እንደ ተታለለ ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። አንደኛው፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ አድራሻዬን በሕግ ያስመዘግቡልኛል ወይ? አዎን አሉ። ብዙ አከራዮች ይህን ስለማይወዱ መልሳቸው አስደሰተኝ። ሁለተኛው፣ ያለፈው ወር የጋዝ ሒሳብ ስንት መጣ? የአሮጌ ቤት ጣሪያ ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2022 ጀምሮ መንግሥት በቅናሽ ዋጋ የሚያቀርበው ጋዝ እስከ አማካይ ፍጆታ ድረስ ብቻ ሆኖ፣ ከዚያ ያለፈው በውድ ይከፈል ነበር። ኔኒ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ከመሳቢያ ውስጥ በክር የታሰረ የደረሰኝ ክምር አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። በዚያች ደቂቃ ልቤ ወደ ቤቱ አዘነበለ።

ሒሳቡ ግን አላዘነበለም። ኪራዩ 60,000 ፎሪንት ነው፤ ማሞቂያው ሲጨመርበት በወር 20,000 ያህል ከኡይፓሎታው ይበልጣል። ይህ ማለት የእኅቴ ገንዘብ ይዘገያል ማለት ነው። እየዋሸሁ በገንዘቧ ላይ ልወስን አልችልም። በዚያች ሌሊት ደወልሁላትና ሁሉንም ነገርኋት፤ 38 ቁጥር ላይ ስላለቀው መንገድ፣ ስለ አራት ወር ውሸቴ፣ ስለ ኔኒ ክፍል።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«ገንዘቡን ትመልሳለህ፤ ላቤ ነው። ግን ቀስ ብለህ መልስ። እኔ የምኖረው አሠሪዎቼ ቤት ነው፤ የምተኛበትን ክፍል እንኳ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ መስኮት የለውም። ከቤታችን ሠፈር የመምረጥ ዕድል ያገኘኸው አንተ ብቻ ነህ። እንግዲህ ደኅና አድርገህ ምረጥ። ሁለተኛም እንዳትዋሸኝ።»

ከዚያ በፊት ሠፈር መምረጥ ለእኔ የርቀትና የኪራይ ጉዳይ ብቻ ነበር። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ግን ብዙ ሰው የማያገኘው ዕድል መሆኑ ገባኝ።

በ2023 የካቲት መጀመሪያ ወደ ኔኒ ቤት ገባሁ። የዚያ አገር አሮጌ ቤት አሠራር ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ቤቱ በአራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ ይሠራል፤ በየፎቁ ወደ ግቢው የሚያይ ሰገነት ይዞረዋል፤ የሁሉም ሰው በር በዚያ ሰገነት ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ፣ ማን ምን እንደጠበሰ ይታወቃል። እኔም ያደግሁበትን የአዳማ ግቢ አስታወሰኝ። በመጋቢት ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ቀን ሳልወጣ ብቀር ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ የመስኮቴን መጋረጃ አለመከፈት አይተው ለኔኒ ነገሩ። ኔኒ ሾርባ ይዘው ገቡ፤ እኔ ሀንጋሪኛ፣ እሳቸው እንግሊዝኛ ሳንችል አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨዋወትን። ሀንጋሪኛ መማር የጀመርሁት በዚያች ሾርባ ነው ማለት እችላለሁ።

ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ሃያ አምስት ደቂቃ እሄዳለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚያች ክፍል ጨረስሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በ7 ቁጥር አውቶቡስ ኡይፓሎታ ሄጄ ሽሮ እበላለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር ያለኝ ፍቅርም ከቤታቸው ከወጣሁ በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የእኅቴን ገንዘብ ከፍዬ የጨረስሁት በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። ተቀበለችኝ፤ ደረሰኙንም ላክልኝ ብላ አስላከችኝ።

በ2024 ተመልሼ ወደ ሰሌዳዬ ቆሜአለሁ። ዛሬ ተማሪዎቼ ደብዳቤያቸውን ሲያሳዩኝ ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ቤቱን በዓይናችሁ ወይም በምታምኑት ሰው ዓይን ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ። የተማሪ ማደሪያ ካለ ለመጀመሪያው ጊዜ እዚያ ግቡ፤ ኩራት ኪራይ አይከፍልም። ሠፈርን በቀንም በሌሊትም እዩት። ስለ ሠፈሩ መጥፎ የሚነግራችሁን ሰው ኖሮበት እንደሆነ ጠይቁት። የአገር ልጅ መጠጊያ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በመጠጊያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አገሩን አያየውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መስኮታችሁ ሁለት ቀን ሳይከፈት ቢቀር የሚያስተውል ጎረቤት ያለበትን ቤት ምረጡ።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስጠራኝና «የተቀመጥኸው በየትኛው ማዶ ነበር? ንገራቸው እስቲ» ትለኛለች።

«በፔስት በኩል» እላለሁ።

«ጎሽ! ምክሬን ሰማ» ብላ ቡናዋን ትቀዳለች።