ማን አባሮህ ነው?



ዘንድሮ ከጥቅምት እስከ የካቲት አራት ጊዜ ግማሽ ማራቶን ሮጠናል። ውድድር አልነበረም፤ ደረታችን ላይ ቁጥር የለጠፈልን፣ ሜዳሊያ ያጠለቀልን የለም። አንድ ዶርም የምንኖር አራት ልጆች ነን፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት በጪሮና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች አራት ጊዜ እንሩጥ ተባብለን ቃል ተገባባን። ለምን አራት? አራት ስለሆንን ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። የመጀመሪያውን ሱብሒን በጀመዓ ሰግደን፣ ከጪሮ ወደ ሂርና በሚወስደው አስፋልት ግማሹን ሄደን ግማሹን ተመለስን። ስልካችን 21 ሲያሳይ ቆመን ልንተቃቀፍ ስንል አንዱ "97ቱ ሜትርስ?" አለ። አንድ ሱቅ ፊት ለፊት እየተሽከረከርን ሞላነው፤ ባለሱቁ ያበድን ሳይመስለው አይቀርም። 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ፈጅቶብናል። ዮሚፍ ቀጀልቻ በጥቅምት 2017 ቫሌንሲያ ላይ ይህንኑ ርቀት በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ከእኛ ጋር ቢሮጥ ኖሮ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ትንሽም ተኝቶ በጠበቀን ነበር። ቢሆንም ያን ቀን ግቢ ስንገባ ከእኛ በላይ ሯጭ አልነበረም።

ሁለተኛው ሂርና ላይ ነበር፤ የአንዳችን ቤተሰቦች እዚያ ናቸው። ስለ ሩጫው የምንለው ብዙ የለንም፤ ስለ እናቱ ገንፎና ሆጃ ግን ብንጀምር ይህ ገጽ አይበቃንም። ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ገንፎው ፊት ነው። ከመካከላችን ረጅሙ ልጅ የግራ ቅልጥሙን ሲያሽ አየነው። "ጫማው ነው" አለን። ጫማው ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ስለሆነ አመንነው። ማመንም ፈልገን ነበር።

ሦስተኛውን ሚኤሶ ሮጥን። ከጪሮ ወርደን፣ አገሩ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም ብለን ቆላ መሆኑን ረሳነው። ፀሐይዋ ቶሎ ከረረች፤ የያዝነው ውኃ ከግማሽ መንገድ አላለፈም። ረጅሙ ልጅ ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እያነከሰ "ልቁም እንዴ?" ብሎ ጠየቀን። የመለስንለትን ሳንሸፋፍን እንጻፈው። "ሲፋን ሐሰን ፓሪስ ላይ ስንት ሮጠች?" አልነው።

ሲፋን አዳማ ተወልዳ፣ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ የገባች እህታችን ናት። በ2016 በፓሪስ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወሰደች፤ ከ10,000ው ፍጻሜ በኋላ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈች፤ ወርቋንም ሒጃቧን አድርጋ ተቀበለች። ከዚያ ጀርባ የስንት ዓመት ልምምድ፣ አሠልጣኝና ሐኪም እንዳለ ለልጁ አልነገርነውም። የእኛ ሐኪም የካፌው ሽሮ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሮጠ፤ ጨረሰም።

አራተኛው በዴሳ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ጨርሰን፣ ታጥበን፣ ፎቶ ተነስተን ለዙህር ከተማው መስጂድ ገባን። ኢቃማ ሲባል ረጅሙ ልጅ ከሰልፉ ወጣ። ዘወር ስንል አንድ የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተ ከሽማግሌዎቹ መሀል ሲቀመጥ አየነው። ሃያ ዓመቱ ነው። መቆም ላልቻለ ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደ እናውቃለን፤ ፊቅሁ አላስጨነቀንም። ያስጨነቀን ሱጁድ ስንወርድ የእሱ ግንባር ምንጣፉን አለመንካቱ ነው።

ከሰላምታ በኋላ አጠገቡ የነበሩ አዛውንት ጉልበቱን ነካ አድርገው በኦሮምኛ ምን እንደሆነ ጠየቁት። "ሩጫ ነው፣ አባ" አላቸው። አዛውንቱም ከልባቸው አዝነው፣ "ልጄ፣ ማን አባሮህ ነው?" አሉት።

እሱ ሳቀ። እኛ ሦስታችን ከኋላ ተቀምጠን ተስቢሓችንን ቀጠልን፤ ስንት እንዳደረስን ግን አናውቅም።

ጪሮ ስንመለስ ያየው ባለሙያ አጥንቱ በድካም ብዛት ሊሰነጠቅ ጫፍ ላይ መድረሱን ነግሮ ስድስት ሳምንት ሩጫ ከለከለው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ሌሊቱን በሶላት፣ ቀኑን በፆም ለሚያሳልፉት ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ነፍሳቸውም ሐቅ እንዳላት የመከሩበትን፣ ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) የሰልማንን ቃል ያጸደቁበትን ሐዲስ በፍሬሽነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። እነዚያ በዒባዳ ነበር የበዙት፤ እኛ ግን በፎቶ።

ረመዳንን ሙሉ ወደ ተራዊሕ ስንሄድ በእሱ እርምጃ ሄድን። የአሥር ደቂቃው መንገድ ሃያ አምስት ይፈጅ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች፣ እግሩ ከሂርና ጀምሮ እንቅልፍ ይነሳው እንደነበር ነገረን። ለምን እንዳልተናገረ ስንጠይቀው፣ "ተናግሬ ነበር እኮ፣ ሚኤሶ ላይ" አለ። አውፍ በለን አልነው፤ አለን። በሸዋል ሁለተኛው ሳምንት ምንጣፍ ላይ ሱጁድ ወረደ፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ ከእሱ ዘግይተን ነው የተነሳነው።

ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ከዋናው በር እንነሳለን። አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እህቶችም የራሳችሁን ቡድን ብታወጡ መንገዱን እናሳያችኋለን፤ እናንተን ሳንጠራ ሲፋንን ስንጠራ መክረማችን አሳፍሮናል። እግሩን ያመመው እዚያው ይናገር፤ የባጃጁ ሒሳብ በእኛ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።