ኦታኒን በማን አፍ ይጠይቁት?

አቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የስልክ ንግግር ቅጂ ነው። ደዋዩ ዐይኑን በጨው አጥቦ «ሾሄይ ኦታኒ ነኝ» ይላል። በስልኩ የተላከለትን ባለስድስት አሃዝ ኮድ ለባንክ ሠራተኛዋ ያነብላታል። 200 ሺህ ዶላር እንድታስተላልፍለት ነው የፈለገው። ለማን? ለጓደኛው። ለምን ጉዳይ? ለመኪና ብድር።

ደዋዩ የኦታኒ አስተርጓሚ ኢፔይ ሚዙሃራ ነበር።

የቤዝቦሉ ኮከብ ኦታኒ በ2018 ከጃፓን ወደ አሜሪካ ሲመጣ ሚዙሃራ አብሮት መጣ። መኪና ይነዳለታል፣ ልምምድ ላይ አይለየውም፣ ከጋዜጠኛ ጋር ያነጋግረዋል። ደመወዙ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ሲከፍትም ያስተረጎመለት እሱ ነው። ሚዙሃራ በ2021 ከሕገወጥ አቋማሪ ጋር መወራረድ ጀመረ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የስፖርት ውርርድ በሕግ አልተፈቀደም። በኋላም በሒሳቡ ላይ የተመዘገበውን ስልክና ኢሜይል ወደ ራሱ አዞረው። በሁለት ዓመት ገደማ 19 ሺህ ያህል ጊዜ ተወራርዶ፣ ያገኘው ካጣው ሲቀናነስ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ከኦታኒ የሰረቀው ብቻ 17 ሚሊዮን ይጠጋል።

ነገሩ ሲፈነዳ ብዙ ሰው «ይህን ያህል ብር ሲወጣ ባለቤቱ እንዴት አያውቅም?» ብሎ ኦታኒን ጠረጠረ። እኔ ግን አመንኩት። በስደት አገር እናቱን ይዞ ባንክ ወይም ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። እናት ልጇ ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ ትፈርማለች። ወረቀቱ ምን እንደሚል ብትጠይቅስ፣ የሚመልስላት ያው ልጇ ነው።

መጋቢት 2024 ሴኡል ላይ የሆነውን ተመልከቱ። ከጨዋታው በኋላ ሚዙሃራ በኦታኒ ቡድን በዶጀርስ መልበሻ ክፍል ቆሞ ስለ ቁማር ሱሱ ለቡድኑ ተናገረ፣ በእንግሊዝኛ። ኦታኒ እዚያው ነበር፤ ነገር እንዳለ ገባው እንጂ ምን እንደተባለ በደንብ አልተረዳም። በራሱ ገንዘብ ጉዳይ መጨረሻ የሰማ ሰው ሆነ። ያውም ሚዙሃራ ቀደም ብሎ ለጋዜጠኛ «ዕዳዬን ኦታኒ ነው የከፈለልኝ» ብሎ፣ ቃሉን ያጠፈው በማግስቱ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የጠባቂዎቹ ነገር ነው። ወኪሉና የሒሳብ ባለሙያዎቹ ስለዚያ ሒሳብ ሲጠይቁ፣ ሚዙሃራ «ኦታኒ ማንም እንዲያየው አይፈልግም» አላቸው። በቃ፣ ተቀበሉት። ባለቤቱን መጠየቅ ቢያስቡ እንኳ የሚያስጠይቁት በዚያው ሰው አፍ ነበር። የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል የተደራደረ ወኪል፣ ጃፓንኛ የሚችል ሌላ ሰው ይዞ ከደንበኛው ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ እንዴት አቃተው?

ሚዙሃራ የካቲት 2025 የ57 ወር እስራት ተፈርዶበታል፤ ገንዘቡንም እንዲመልስ ታዟል። በዚህ ጉዳይ ከጠባቂዎቹ የተከሰሰ የለም፤ ሕግ ጣሱ አልልም። ለደንበኛቸው ግን መልስ አለባቸው፣ ያውም በሚገባው ቋንቋ።