ገንዘቡን ተቀብለን ሲኒ የምንከለክለው ሰው

የኢሉባቦር ሰው እንግዳ ይወዳል። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዮ፣ ደጃፍ ላይ የደረሰን ሰው ቡና ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን በዚህ ወግ ውስጥ ስለማይቆጠሩ ሰዎች ነው።

በእኛ አካባቢ ወታ የሚባሉ ወገኖች አሉ። አባቶቻቸው በአደን ይተዳደሩ ነበር፤ ሌላው የማይበላውን የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ ተብለው እስከ ልጅ ልጆቻቸው ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ በቀድሞው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ማሻ ላይ ደግሞ ማንጆዎች አሉ። ሸካና ከፋ ውስጥ ለጥናት የከረሙ ሰዎች የመዘገቡት ያሳፍራል፤ ማንጆ ምግብ ቤት እንዳይገባ ይከለከል ነበር፤ ቢስተናገድም ደጅ ተቀምጦ፣ በቅጠል ወይም ለእሱ ብቻ በተለየ ዕቃ ነበር። ተሸክሞ ያመጣው ማገዶና ከሰል ግን ያለምንም መጸየፍ ይገዛል። ቡናው የፈላው እሱ ባመጣው ከሰል ነው፤ ሲኒው ግን አይደርሰውም።

"ይሄማ የድሮ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ብዙ ነገር መለወጡን አልክድም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት አልባ የነበረውን ባለመሬት አድርጓል፤ ትምህርት ቤትና የእምነት ተቋማትም የተለያዩትን ልጆች አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። ነገር ግን መድልዎ ጨዋ አነጋገርም ይለምዳል። "አትግባ" ማለት ቢያሳፍር "ወንበር ሞልቷል"፣ "ምግብ አልቋል"፣ "ውጭ ይሻልሃል" ማለት ይቻላል። እንዲህ የተባለ ሰው የት ሄዶ ይከሳል?

ሕጉን እንየው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አውጀው ነበር። አዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ከማዕድ መለየትን አልነካም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በትውልዱም ሆነ በማኅበራዊ አመጣጡ እንዳይለይ ደንግጓል። አንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጡ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን በእኩልነት የማግኘት መብት ይሰጣል። ስለዚህ መቱ ካርል ሆስፒታል ለመታከም የሚመጣ ሰው መብቱ በግልጽ ተጽፎለታል። ከሆስፒታሉ ወጥቶ የግል ሻይ ቤት ሲገባስ?

ብዙዎቻችን የማናውቀው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ማንኛውንም የዘር መድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በደርግ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ በዘር ሐረግ መለየትንም ይጨምራል፤ አንቀጽ 5 ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቦታዎችን ሲዘረዝር ሆቴልን፣ ምግብ ቤትንና ካፌን በስማቸው ይጠራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። በዚህ ላይ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ ሸማቹን በትህትናና በአክብሮት እንዲያስተናግድ ያዝዛል። ቃሉ አለ ማለት ነው። የጎደለው "በትውልዱ ምክንያት ደንበኛን የመለሰ ነጋዴ ይህ ቅጣት ያገኘዋል፤ አቤቱታውም እዚህ ይቀርባል" የሚል ግልጽ ድንጋጌ ነው።

አንድ የምግብ ቤት ባለቤት "እኔ ክፋት የለብኝም፤ ግን ሌሎቹ ደንበኞቼ ይሸሹኛል" ቢል ውሸቱን ነው አልልም። አሜሪካም የገጠማት ይኸው ክርክር ነበር። በአላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ኦሊስ ባርቢኪው የሚባል ቤት ጥቁሮችን አዳራሹ ውስጥ አያስተናግድም ነበር፤ የሚሸጥላቸው ይዘውት የሚሄዱት ምግብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ይህን ሲከለክል ባለቤቶቹ ገበያችን ይጠፋል ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፈረደባቸው።

እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው። አንድ ቤት ብቻውን በሩን ቢከፍት ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሊሄድ ይችላል። ሕጉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲያስገድድ ግን የሚሸሽበት ቤት የለም። ሕጉ የሚጠብቀው የተገፋውን ብቻ አይደለም፤ ማስተናገድ እየፈለገ ገበያውን የፈራውን ነጋዴም ነው።

"ልብን በአዋጅ መለወጥ አይቻልም" ይባላል። ልክ ነው፤ ማንንም ቤትህ ጋብዝ፣ ልጅህን ዳር የሚል ሕግ አልጠየቅሁም። ቤትህ ያንተ ነው። የንግድ ፈቃድ አውጥተህ፣ ታፔላ ሰቅለህ ለሕዝብ የከፈትከው ቤት ግን ሌላ ነው። በትውልድ መናቅን ከእኛ በላይ የምታውቀው ህንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥቷ ሱቅንና ምግብ ቤትን ለይታ ጠርታ ክልከላውን አገደች፤ በ1955 ደግሞ ቅጣት አስቀመጠችለት። መናቁ ዛሬም ከህንድ አልጠፋም፤ የተናቀው ሰው ግን ይዞት የሚሄደው አንቀጽ አለው።

ለሕግ አውጪዎቻችን ጥያቄዬ አጭር ነው፤ የተቀበላችሁትን ስምምነት ቅጣት ጨምራችሁ በአዋጅ አውጡት። እስከዚያው የየከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ግዴታውን ለነጋዴው መንገርና አቤቱታ መቀበል ይችላል። እኛ ደንበኞችም ድርሻ አለን። ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው በትውልዱ ምክንያት እንዲነሣ ሲጠየቅ ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ሒሳባችሁን ከፍላችሁ አብራችሁት ውጡ፤ ለምን እንደወጣችሁም ለባለቤቱ ንገሩት። ገበያውን የሚፈራ ነጋዴ ይህንን ቋንቋ ይሰማል።