«ለክታችሁታል ወይ?»

ባለፈው ዓመት እኛ በምንሠራበት አካባቢ ከመርካዝ ክሊታ በቅርቡ ወደ ቤታቸው የገቡ አንዲት እናት ለልጃቸው የቧንቧ ውኃ መስጠት አቆሙ። «የማይሸት፣ የማይታይ መርዝ ከምድር ውስጥ ከውኃው ጋር ይመጣል» ሲባል ሰምተዋል። የሚገዙት የታሸገ ውኃ ከወር ገንዘባቸው ብዙ ይወስድባቸው ነበር። እኛ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞችም ነገሩን ሳናጣራ «ምንም የለበትም፣ ይጠጡ» አልናቸው። «ልጆቼ፣ ለክታችሁታል ወይ?» ብለው ጠየቁን። አልለካንም ነበር። አፈርን።

ወሬው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ነገሩ ራዶን ይባላል። ዩራኒየም ካለበት ዓለት የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን ለብዙ ዓመት ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ በሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። የጉድጓድ ውኃም ከዓለቱ ይዞት ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ውኃውን ለማስመርመር ተነሣን። የለስላሳ ጠርሙስ አጥበን፣ ግማሹን ሞልተን፣ በአውቶቡስ እየተንገጫገጨ ይዘነው ሄድን። የላቦራቶሪው ሰው አይቶ ሳቀብን። ሶዳ ሲከፈት ጋዙ እንደሚወጣ ሁሉ ራዶንም ውኃው ሲናወጥ ይወጣል፤ ያ ውኃ ቢለካ «ንጹሕ ነው» መባሉ አይቀርም፣ እውነቱ ግን አይታወቅም። ውኃው ለጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ በመስተዋት ጠርሙስ በቀስታ፣ አረፋ ሳያወጣ፣ አፉ ድረስ ሞልቶ እስኪፈስ መቀዳት አለበት። ከክዳኑ ሥር አየር መቅረት የለበትም። የተቀዳበት ሰዓትም ይጻፋል፤ ራዶን በ3.8 ቀን በግማሽ ስለሚቀንስ ላቦራቶሪው ወደ ኋላ ቆጥሮ ያሰላል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ እናትየዋ ራሳቸው ቀዱ። «ውኃ መቅዳት ለእኔ ነው የምታስተምሩኝ?» አሉን። ከእኛ ይልቅ በደንብ ሞሉት።

ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነ። ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ውኃም ሆነ የኪኔሬት ውኃ ራዶን ብዙም የለውም። በዚያው ቀን እናትየዋ ቡናቸውን በቧንቧ ውኃ አፈሉ።

የላቦራቶሪው ሰው ግን አንድ ነገር ጠይቆን ነበር፤ «ልጁ የሚተኛው የት ነው?» ራዶን በብዛት ወደ ቤት የሚገባው በውኃ ሳይሆን በወለል ስንጥቅ በኩል ነው። ከ1992 ወዲህ በአዳዲስ ቤቶች የሚሠራው ማማድ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጥብቅ ስለሆነ፣ ምድር ላይ ያረፈና ዘወትር የሚዘጋ ከሆነ ጋዙ ሊጠራቀምበት ይችላል። በአራድ አካባቢ ደግሞ የፎስፌት ዓለት ስላለ ይበልጥ ያሳስባል። በአገራችን በመኖሪያ ቤት እርምጃ የሚያስፈልገው አየሩ በሜትር ኩብ ከ200 ቤክሬል ሲያልፍ ነው።

ልጁ የሚተኛው ምድር ላይ ባለው ማማድ ውስጥ ነበር። በዚህ ጊዜ «ምንም የለበትም» አላልንም። ትንሿን መለኪያ አስቀመጥንላቸው፤ ሦስት ወር መቆየት አለባት። እናትየዋ በየጠዋቱ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ባገኙን ቁጥርም ስንት ቀን እንደቀረ ይጠይቁናል።