«ከመውደድህ በፊት በሩን ክፈት»

የዛሬው ወጋችን ከወደ አሜሪካ፣ ከዲትሮይት ነው። «እኔ መኪና የምገዛበት አቅም የለኝ» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም።

ዲትሮይት ውስጥ ዉድዋርድ አቬኑ የሚባል ጎዳና አለ። ከወንዙ ዳር ተነስቶ ፖንቲያክ እስከምትባለው ከተማ ይዘልቃል። ፎርድ ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር እ.ኤ.አ. በ1913 የጀመረው በዚሁ ጎዳና ላይ ባለው የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ጎረምሶች ማታ ማታ ከአንዱ የትራፊክ መብራት እስከሌላው የሚሽቀዳደሙበት ነበር። ከ1995 ወዲህ በነሐሴ አጋማሽ ቅዳሜ ቀን የድሮ መኪና ያለው ሁሉ እየነዳ ይወጣል። አያት ከልጅ ልጁ ጋር መንገድ ዳር ወንበር ዘርግቶ የሚያልፈውን ያያል። የቤንዚኑ ሽታ፣ የሞተሩ ጉርምርምታ… አቤት! ደረት ውስጥ ነው የሚገባው።

ባለፈው ነሐሴ እዚያ የወሰደኝ በዚያው የሚኖር ወዳጄ ነው። ለዓመታት የጭነት መኪና እየነዳ ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው። ግማሿ ለእናቱ ቤት ማሠሪያ፣ ግማሿ ለራሱ ሕልም። ሕልሙ ምን መሰላችሁ? ጣሪያው የሚታጠፍ ማስል ካር! መካከለኛ መኪና ላይ ግዙፍ ሞተር የተጫነበት፣ ፈረንጆቹ ጡንቸኛ የሚሉት ዓይነት።

አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ቆማ አገኘናት። የ1966 ሥሪት ናት። ቀይ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ኒኬሏ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። ጎኗ ላይ «ጂቲኦ» የሚል ጽሑፍ፣ መስታወቷ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ወረቀት። ወዳጄ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጂቲኦን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ፖንቲያክ በ1964 ያወጣት ናት። እናት ኩባንያው ጀነራል ሞተርስ መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን 6.4 ሊትሩን ሞተር «ገዢው ካዘዘ የሚጨመር» ብለው ቴምፔስት በተባለችው መኪና ላይ ገጠሙት። ክልከላው በጓሮ በር ታለፈ ማለት ነው። በ1966 ራሷን የቻለች ሞዴል ሆነች፤ መደበኛ ሞተሯ 335 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ፖንቲያክ የሚባለው ስም በ2010 ስለተዘጋ ደግሞ የተረፉት መወደዳቸው አይገርምም።

ሻጩ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ወዳድቃ አግኝተዋት ከወንድማቸው ጋር 11 ዓመት ሠርተዋታል። የዛገ ወለሏን ቆርጠው ቀየሩ፣ ሞተሯን አውርደው አደሱ። አሁን ወንድምየው በሕይወት የሉም። የእሳቸውም ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ አልችል ብሏል።

ወዳጄ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ «ልውሰዳት!» አለ። ሽማግሌው ትከሻውን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ ከመውደድህ በፊት በሩን ክፈትና ቁጥሩን አንብብ» አሉት።

የሻንሲ ቁጥሩ በነጂው በር ማጠፊያ በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። የ1966 ጂቲኦ ከሆነች ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። የሷ ግን 237 ይላል። 237 ሌማንስ ናት፤ መልኳ ተመሳሳይ፣ ዋጋዋ ግን በሺዎች ዶላር የሚያንስ እህቷ። ጽሑፉን የለጠፈው ከእሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት ነው።

«ታዲያ ለምን አላነሱትም?»

«ወንድሜ ይወደው ነበር። እኔ ግን አልዋሽበትም። የምሸጣትም በሌማንስ ዋጋ ነው።»

እንዲህ ያለ ሻጭ ሁልጊዜ አይገኝማ! ስለዚህ ምክሬን ስሙ። ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዩት፣ ቁጥሩን መጀመሪያ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎው ላይ አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። በዚያ አገር ለበረዶ ተብሎ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪና የሚበላው ከሥር ነው፤ እናም ሱሪያችሁ ይቆሽሽ፣ ተንበርክካችሁ እዩ። ጣሪያው የሚታጠፍ ከሆነ ምንጣፉን አንሱት፤ ዝናብ የገባበት ወለል አይደብቅም። ሰነድም ጠይቁ፤ የፖንቲያክ የፋብሪካ መዝገብ ቅጂ ተከፍሎበት ይገኛል።

ወዳጄ ያን ቀን ሳይገዛ ተመለሰ። መንገድ ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ቁጥሩን ባያሳዩኝ ኖሮ የእናቴንም ግማሽ እጨምር ነበር» አለኝ።

በሳምንቱ ግን ተመልሶ ሄዶ በሌማንስ ዋጋ ገዛት። የእናቱ ድርሻ አልተነካም። «ጂቲኦ» የሚለውን ጽሑፍ ለሽማግሌው ወንድም ሲል አላነሳውም። «እውነተኛ ናት?» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ ግን በሩን ከፍቶ ያሳያል።

ለትዳርም ቢሆን ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም። ቸር እንሰንብት!